ኤምፒኤች የት ልማር? ከባሕር ዳር ሆኖ ለሚያማርጥ

ክረምት ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ደዋዮቼ አብዛኞቹ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነው፤ ስለ ኤምፒኤች፣ ማለትም ስለ ኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ። "ሲስተር፣ ኤምፒኤች ባሕር ዳር ይሻላል ወይስ ጎንደር?"

ባለፈው ሐምሌ የጠየቀኝ ልጅ ፎገራ ውስጥ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጤና መኮንን ነው። ለስልጠና ባሕር ዳር መጥቶ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ነበር።

"በምን ዘርፍ?" አልኩት።

"በኤምፒኤች ነዋ!"

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኤምፒኤች የግቢው ስም ነው፤ ግቢው ውስጥ ብዙ ቤት አለ። ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) አለ፣ ባዮስታትስቲክስ (የጤና ስታትስቲክስ) አለ፣ ሥነ ተዋልዶ ጤና፣ ሥርዓተ ምግብ፣ የጤና አገልግሎት አስተዳደር፣ የጤና ትምህርት፣ ሄልዝ ኢንፎርማቲክስ (የጤና መረጃ አያያዝ)፣ የአካባቢ ጤና፣ ሌላም ሌላም። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ያለው ዘርፍ ሌላው ጋ ላይኖር ይችላል። ቢኖርም ዘንድሮ ተማሪ አይቀበል ይሆናል።

የኔ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ዘርፍ፣ ቀጥሎ የመመረቂያ ጥናት አማካሪ፣ ከተማው በመጨረሻ። ብዙ ሰው ተገልብጦ ነው የሚሄደው። እኔም ተገልብጬ ነው የሄድኩት፤ ዋጋውንም ከፍዬበታለሁ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ

ዘርፍ ለመምረጥ አንድ ጥያቄ ይበቃኛል። ተመርቃችሁ ሦስት ዓመት ሆኗችኋል እንበል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ገባችሁ። ምን ልትሠሩ ነው የገባችሁት?

የወረዳዎችን ሳምንታዊ ሪፖርት ዘርግታችሁ "የዚህች ቀበሌ ወባ ምን ነካው?" እያላችሁ ከሆነ መንገዳችሁ ኤፒዲሚዮሎጂ ነው። ጣና ዳር ለኤፒ ሰው ሥራ አይጠፋም። በፎገራና በደምቢያ ሜዳ ወባ አለ። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ካላዛር የመተማና የሑመራ ቆላ በሽታ ነው ሲባል ኖሮ በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ብዙ ሰው ጨረሰ። ገና ያልተላቀቅነው ትራኮማም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በአገር ደረጃ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ ከ7 ሚሊዮን በላይ ነው። የአማራ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር ነው፤ የክልሉ ጤና ቢሮም እንደዚያው። የሚቀጥሯችሁም፣ መረጃውን የያዙትም ሰዎች እዚሁ ናቸው ማለት ነው።

ኤፒ ውስጥ ራሱ ሁለት መንገድ አለ፤ ብዙዎች ይሄን ሳያውቁ ያመለክታሉ። አንዱ የተለመደው ነው፦ ኮርስ፣ ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት)፣ ምረቃ። ሌላው ፊልድ ኤፒዲሚዮሎጂ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ሌሎችም ተከትለውታል። ከጊዜው ሩቡ ያህል ክፍል ውስጥ ነው፤ ሦስት እጁ መስክ ላይ ያልፋል። ወረርሽኝ ተነሳ ሲባል ሻንጣ አንስቶ መሄድ ነው። ሥራውን ለሚወድ ሰው እንደሱ ያለ ትምህርት ቤት የለም። ጡት የምታጠባ ወይም የታመመ ወላጅ የሚያስታምም ሰው ግን ደጋግሞ ያስብበት። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ይዤ ብገባበት ኖሮ በሁለተኛው ወር አቋርጬ ነበር የምወጣው።

እኔ የተማርኩት ሥነ ተዋልዶ ጤና ነው። ለምን? ሦስት ጓደኞቼ ተመዘገቡ፣ አራተኛ ሆንኩ። ያኔ ኤንጂኦው ሁሉ የሚፈልገው ይሄን ነበር፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሌላ ነገር አይነበብም። ከዚያ ጥር 2017 መጣ። የአሜሪካ የእርዳታ ገንዘብ ቀጥ አለ፤ በዚያ ብር የተቀጠሩ ብዙ የጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋረጠ። ዘርፉ ሞተ እያልኩ አይደለም፤ እናቶች መውለድ አላቆሙም። ግን በኤንጂኦ ደመወዝ ተስፋ ብቻ ዘርፍ የመረጠ ሰው ዛሬ ተስፋውን የጣለበት ቦታ የለም።

በኔ ግምት ያለ አግባብ የተናቀው ዘርፍ ሄልዝ ኢንፎርማቲክስ ነው። ጤና ጣቢያዎቻችን ወርሃዊ ሪፖርታቸውን ዲኤችአይኤስ 2 በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው የሚልኩት። ቁጥር የሚያስገባ ሰው ሞልቷል። የተከተቡት ሕፃናት ቁጥር ከተወለዱት እንዴት በለጠ ብሎ ከሥሩ የሚፈትሽ ሰው ግን በመብራት ቢፈለግ አይገኝም። ኮምፒውተር የማያስፈራችሁ ከሆነ እዩት።

ሒሳብ ለሚወድና ወደ ፒኤችዲ ለሚያስብ ባዮስታት ነው። አሁን ኃላፊ ሆኖ ለሚሠራ ወይም ለመሆን ለሚፈልግ የጤና አገልግሎት አስተዳደር ነው። ጠቅላላ ኤምፒኤች የሚባለው ከሁሉም ይቀምሳል፤ ወረዳ ላይ ለሚሠራ አይከፋም። ሆኖም ቅጥር ማስታወቂያ ላይ "ኤምፒኤች በኤፒዲሚዮሎጂ" የሚል ሲመጣ ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ። ከማመልከታችሁ በፊት ልትቀጠሩበት የምትመኙትን መሥሪያ ቤት ያለፉ ማስታወቂያዎች ሰብስባችሁ ምን እንደሚሉ አንብቡ። አንድ ከሰዓት ቢፈጅ ነው።

የ422 ነገር

የአገራችን የኤምፒኤች ቴሲስ አርዕስት ዜማው አንድ ነው። "የእንትን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፣ በእንትን ከተማ።" የናሙናው ብዛትም ብዙ ጊዜ 422 ነው፤ ካልሆነ 423። ይሄ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ስርጭቱ አይታወቅም ተብሎ 50 በመቶ ይያዛል። የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ ይሆናል። ቀመሩ 384 ያወጣል። መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 422 እና ትንሽ ፍርፋሪ ይመጣል። ፍርፋሪዋን ወደ ላይ ያጠጋጋ 423 ይላል። እኔም 422 ነኝ።

ቀመሩ ምንም አላጠፋም። ግን "ለምን 50? ከዚህ በፊት እኮ ሦስት ጥናት ተሠርቷል" የሚል አማካሪ ያለው ተማሪና እንዲህ ያለ አማካሪ የሌለው ተማሪ ሁለት ዓመት ጨርሰው ሲወጡ ይዘውት የሚወጡት ነገር አይገናኝም። ወረቀታቸው አንድ ዓይነት ማኅተም አለው፤ አንደኛው ግን ሥራ ላይ ሲጠየቅ መልስ አለው።

ስለዚህ አማካሪ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይቀድማል የምለው ለዚህ ነው። እንዴት ይታወቃል? በምትፈልጉት ዘርፍ የሚያስተምሩትን መምህራን ስም ከትምህርት ክፍሉ ጠይቁ። የታተሙ ጥናቶች የሚፈለጉበት ጉግል ስኮላር ላይ አስገቧቸው። ባለፉት ሦስት ዓመታት ምን አሳተሙ? ጥናቶቹ ላይ የተማሪዎቻቸው ስም አብሮ አለ? ተማሪው በመጀመሪያ ደራሲነት ከተጻፈ ጥሩ ምልክት ነው።

ከዚያ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ ሻይ ጋብዙ። "መምህራኑ ጎበዝ ናቸው?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም ጎበዝ ናቸው ይላችኋል። "ፕሮፖዛልህን ሰጥተህ አስተያየቱ ስንት ቀን ወሰደ?" በሉት። ፊቱን እዩት። እኔ አማካሪዬ እጅ የገባ ፕሮፖዛል አራት ወር ተቀምጦብኛል። በሄድኩ ቁጥር "እያየሁት ነው" ነው መልሱ። ጓደኞቼ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እኔ መጠይቅ እያባዛሁ ነበር። የት እንደተማርኩ አልናገርም፤ ተመሳሳይ ታሪክ በየትኛውም ግቢ አለና።

ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ትምህርት ክፍሉ የራሱ የጥናት ቀበሌ አለው ወይ? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት የሚከታተልበት ጣቢያ አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቡታጅራ ላይ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሠርቷል። ጅማ ጊልገል ጊቤ አላት፣ ሐረማያ ደግሞ ቀርሳ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ለዓመታት የተጠራቀመ መረጃ ላይ መሥራት ይቻላል። ከአንድ ወር መጠይቅ ጋር አይወዳደርም። ዳታ ሰብሳቢ መቅጠርና አበል መክፈልም ይቀርላችኋል።

ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ

አሁን ወደ ከተማው እንምጣ።

ባሕር ዳር መማር ትልቁ ጥቅሙ ቤታችሁ መሆናችሁ ነው። ትልቁ ጉዳቱም ይኸው ነው። ቤቱ ሆኖ የሚማር ሰው እንደተማሪ አይቆጠርም። ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ፣ አለቃችሁም "ለአንድ ቀን ብቻ ብቅ በል፣ ሪፖርቱ ላይ ችግር አለ" ይላል። ያቺ አንድ ቀን ሳምንት ትሆናለች። እሱን መቋቋም ለሚችል ግን ነገሩ ሁሉ ቅርብ ነው። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ፣ ቢሮውም ኢንስቲትዩቱም አለ። ለቴሲስ የሚያስፈልግ የድጋፍ ደብዳቤ በባጃጅ ሄዶ ማስጨረስ ትልቅ ጥቅም ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ ተማሪ ለአንድ ፊርማ አልጋ ይዞ ያድራል።

ጎንደር ታሪኩ ከኛው ሐይቅ ይነሳል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከጣና በስተሰሜን ያለው የደምቢያ ሜዳ በወባ ወረርሽኝ ተመታ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ያንን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በአገራችን ጤና መኮንን የሚባለው ሙያም እዚያ ነው የተወለደው። ዛሬም በኅብረተሰብ ጤና የካበተ ልምድ ያለው ቤት ነው፤ ሥሩ ጠልቋል። ወደ ምርምርና ወደ መምህርነት ለሚያስብ ሰው ከሦስቱ መጀመሪያ የምጠቁመው ጎንደርን ነው። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራበት የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የነፃ ትምህርት ዕድልም አለ። ትኩረቱ አካል ጉዳተኝነት ላይ ስለሆነ በዚያ በኩል የሠራችሁ ወይም ራሳችሁ አካል ጉዳት ያለባችሁ ተከታተሉት።

ጉዳቱ? ሁለት ቤት ማስተዳደር ነው። ርቀቱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደህናው ጊዜ ቁርስ በልቶ ለምሳ መድረስ ነበር። አሁን የመንገዱን ሁኔታ ሳይጠይቅ የሚነሳ የለም። በየሳምንቱ እየተመላለስኩ እማራለሁ ብላችሁ አትፈርሙ። እዚያው ቤት ተከራይቶ ለመቀመጥ ካልቆረጣችሁ ዕቅዱ አይሠራም።

አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው ትምህርት ቤት ስሙ የታወቀ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የራሱን ከፍቷል። ሚኒስቴሩ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የኤንጂኦዎቹ ዋና ቢሮዎች እዚያ ናቸው። ሴሚናር ላይ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ነገ ቀጣሪያችሁ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይሄ ዋጋ የሚኖረው እዚያ ለመቅረት ወይም በአገር ደረጃ ለመሥራት ካሰባችሁ ነው። ተመልሳችሁ ደቡብ ጎንደር ዞን ለምትሠሩ ሰዎች ለአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የከፈላችሁትን የሚክሳችሁ የለም። ዩኒቨርሲቲው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ራስ ገዝ ስለሆነ ክፍያውን በጓደኛችሁ የድሮ ደረሰኝ አታስሉ፤ የዘንድሮውን ጠይቁ።

ጅማም አለች፤ ከማኅበረሰቡ ጋር እየኖሩ መማር የሚለው ነገር እዚያ የቆየ ልምድ ነው። ርቀቱ ከጣና ለምንነሳው ከባድ ሆኖብን እንጂ ጥሩ ቤት ነው።

ማን ይከፍላል?

መሥሪያ ቤት ስፖንሰር ካደረጋችሁ ደመወዝ ሳይቋረጥ ትማራላችሁ። መጥፎ ነገር የለውም፤ ግን ከተመረቃችሁ በኋላ የማገልገል ግዴታ ያለበት ውል ትፈርማላችሁ። ዋስም ትጠራላችሁ። ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። ስንት ዓመት ነው? ካቋረጣችሁ የምትመልሱት የትምህርት ክፍያውን ብቻ ነው ወይስ ደመወዙንም? ተመርቃ የተሻለ ሥራ ያገኘች ጓደኛዬ ዋስ የሆናት አጎቷ በደብዳቤ ሲጠራ ነው ውሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያነበበችው።

በግል የሚከፍል ሰው ነፃነት አለው፤ በማታና በሳምንት መጨረሻ መማርም ይችላል። ያኔ የግል ኮሌጆች ምርጫ ውስጥ ይገባሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። ኮሌጁ አዲስ አበባ ላይ ኤምፒኤች ተፈቅዶለት ባሕር ዳር ላይ ላይኖረው ይችላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ስታዩ የፕሮግራሙን ስም፣ የከተማውን ስምና ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። ሬጂስትራሩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ወረቀት ወረቀት

ብሔራዊው የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት የምንለው፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የሕክምና ዕውቀት አይጠይቅም። እንግሊዝኛ የማንበብ፣ ሒሳብና የማመዛዘን ጥያቄዎች ናቸው። አሥር ዓመት ሙሉ መርፌ ስንወጋ የኖርን ሰዎች ላይ ሬሾና ፐርሰንት ይጨክናሉ። ወር ቀደም ብላችሁ የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ከልጆቻችሁ ተዋሱ።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ዋነኛው አዘግዪ ነው። ከተማራችሁበት ተቋም በቀጥታ ወደምታመለክቱበት መላክ አለበት። የወጪ መጋራት ጉዳይ ያልጨረሰ ሰው እዚያው ይቆማል። ምዝገባ ሲከፈት ሳይሆን ቀደም ብላችሁ፣ ግንቦት ላይ ጀምሩት። ስማችሁም በእንግሊዝኛ ፊደል ሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። አንዱ ላይ አንድ ኤስ፣ ሌላው ላይ ሁለት ኤስ ካለ ጣጣው ማለቂያ የለውም።

ውጭ አገርስ?

ይሄ ሌላ ጨዋታ ነው፤ ደንቦቹም ሌላ ናቸው። የእንግሊዙ የነፃ ትምህርት ዕድል ቺቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ሦስት የትምህርት ምርጫ ትሰጣላችሁ፤ ተመርቃችሁ አገራችሁ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት አለባችሁ። የስዊድን ኢንስቲትዩት የሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል 3,000 ሰዓት ይላል። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጋ እስከ ጥር አጋማሽ (በነሱ አቆጣጠር) ማመልከት ያስፈልጋል፤ የማመልከቻ ክፍያው 900 ክሮነር ነው። ገንዘቡ ያን ያህል ባይሆንም ውጭ የሚከፍል ካርድ የሚያውሳችሁ ሰው መፈለግ ራሱ አንድ ሥራ ነው። የጀርመኑ የነፃ ትምህርት ድርጅት ዳድ (DAAD) ለሠራተኞች ባለው ፕሮግራም የመጨረሻ ዲግሪያችሁ በመርህ ደረጃ ከስድስት ዓመት ባይበልጥ ይመርጣል። ብዙ ጤና መኮንን የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ "ልምዴ ይብዛልኝ" እያለ ሲቆይ የዲግሪው ዕድሜ ያልፋል።

የለንደኑ የንጽሕናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት በርቀት የሚሰጠው ማስተርስ አለ። ሥራ ሳይለቁ መማር ነው። እኔ ለባሕር ዳር ሰው ቶሎ አልመክረውም። ከነሐሴ 2015 በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ወደ አንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦብን እንዴት እንደነበርን አስታውሱ።

ውጭ የተማረ ሰው ሲመለስ ዲግሪውን አቻ ግምት ማሠራት አለበት። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ዕውቅና ከመሄዳችሁ በፊት ይጣራ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል። የማውቀው ልጅ፣ ጎበዝ የሚባል፣ ቺቭኒንግን ለሳምንታት ሲጽፍ ከርሞ በመጨረሻው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊልክ ገባ። ማመልከቻው ተዘግቷል። ማስታወቂያው የሚለው "12:00 ዩቲሲ" (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነበር። እሱ በኛ አቆጣጠር የማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አድርጎ አነበበው። የነሱ አሥራ ሁለት ሰዓት እኛ ጋ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት አለፈው።

የፎገራው ልጅ በመጨረሻ ኤፒዲሚዮሎጂ መረጠ። ጎንደር። ለምን ባሕር ዳር እንዳልሆነ ስጠይቀው "ሲስተር፣ ባሕር ዳር ብማር አለቃዬ አያስቀምጠኝም፤ ለፎገራ ቅርብ ነኝ" አለኝ። ጋቱን በደህና አለፈ። ሰሞኑን ደግሞ ደወለ፤ ትራንስክሪፕቱ አልደረሰም። በእንግሊዝኛ ስሙ አንዱ ላይ በዋይ፣ ሌላው ላይ በአይ ተጽፎ ተገኘ።